ጆርጅ ፎስተር 36 ዶላር ያወጣ ነበር?

በሜይ 1981 «ኢንሳይድ ስፖርትስ» በተባለው የአሜሪካ መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ ወጣ። ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ጆርጅ ፎስተር 36 ዶላር ያላወጣበት ዓመት» ማለት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።) ርዕሱን ያየ ሰው መጀመሪያ ሳይደናገር አልቀረም። ጆርጅ ፎስተር ማለት የሲንሲናቲ ሬድስ ቡድን ዋነኛ መቺ፣ በ1977 የናሽናል ሊግ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ የተሸለመ፣ በዚያው ዓመት 52 ጊዜ ኳሷን ከሜዳው አጥር አሻግሮ የሰደደ ጉልበተኛ ነበር። 36 ዶላር ደግሞ ለእራት ግብዣ ካልሆነ በስተቀር ለእንዲህ ያለ ሰው የሚጠራ ዋጋ አይደለም። ታዲያ ገዢው ማን ነው? ሻጩስ? ፎስተር ራሱስ መሸጡን ያውቅ ነበር?

አያውቅም። ገዢዎቹ ባብዛኛው በኒው ዮርክ ከተማ በመጽሐፍና በመጽሔት ሥራ የሚተዳደሩ ጓደኛሞች ነበሩ። ሽያጩም የወረቀት ሽያጭ ነው። በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ እውነተኞቹን የቤዝቦል ተጫዋቾች በስማቸው እየጠሩ፣ በሐራጅ ተጫረቱባቸው። ከዚያም ተጫዋቾቹ በእውነተኛው ሜዳ የሚሠሩትን ሥራ እየደመሩ ማን እንዳሸነፈ ይቆጥሩ ነበር። ይህ ጨዋታ የኋላ ኋላ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች የሚያዘወትሩት ትልቅ ንግድ ሆኗል። እኔን የሳበኝ ግን መስፋፋቱ አይደለም፤ በዚያ ርዕስ ውስጥ የተቀበረው ጥያቄ ነው። አንድ ሰው በሐራጅ የተጠራለት ዋጋና በኋላ የሠራው ሥራ ሳይገናኙ ሲቀሩ ጥፋቱ የማን ነው? የሰውዬው? የገዢው? ወይስ ዋጋ የሚባለው ነገር ጠባዩ ራሱ እንዲህ ነው? ይህን ለመመለስ ከወረቀቱ ሐራጅ በፊት ስለነበረው እውነተኛ ገበያ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል።

ቁጥር የሚወድ ጨዋታ

ቤዝቦል ለብዙዎቻችን እንግዳ ነው። ዱላና ኳስ በማገናኘቱ ከገና ጨዋታችን ጋር የሚያመሳስሉት ይኖራሉ፤ በጠባዩ ግን ፈጽሞ የተለየ ነው። በገናም ሆነ በእግር ኳስ ሁሉም ባንድነት ስለሚራወጥ የአንዱን ሥራ ከሌላው ለይቶ መመዘን ያስቸግራል። ግቧን ያገባው ሰው ይጨበጨብለታል እንጂ ከሦስት ቅብብል በፊት ኳሷን የነጠቀውን ማንም አይመዘግብለትም። በቤዝቦል ግን አንድ ወርዋሪ ከአንድ መቺ ጋር ፊት ለፊት ይቆማል። ይወረውራል፤ ያኛው ይመታል ወይም ይስታል። ውጤቱም እዚያው በስማቸው ይጻፋል። አንዱ ቡድን በአንድ የውድድር ዘመን 162 ጨዋታ ስለሚያደርግ፣ ይህ መዝገብ በዓመቱ መጨረሻ ወፍራም የሒሳብ ደብተር ይሆናል።

ስለዚህም አሜሪካውያን ከ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ የእያንዳንዱን ጨዋታ ውጤት በጋዜጣ በሰንጠረዥ እያዩ አድገዋል። ይህን ሰንጠረዥ በማስፋፋት ስሙ የሚነሣው ሄንሪ ቻድዊክ የተባለው እንግሊዝ ተወላጅ ጋዜጠኛ ነው። አባት ለልጁ የሚያወርሰው የተጫዋች ስም ብቻ ሳይሆን ቁጥሩንም ጭምር ነው። እንዲህ ባለ አገር የተጫዋች ዋጋና የተጫዋች ሥራ አንድ ቀን በአንድ ሚዛን ላይ መውጣታቸው አይቀሬ ነበር።

ሰው እንደ ዕቃ ሲሸጥ

በዲሴምበር 1919 መጨረሻ የቦስተን ሬድ ሶክስ ባለቤት ቤብ ሩት የተባለውን ተጫዋች ለኒው ዮርክ ያንኪስ በ100 ሺህ ዶላር ሸጠው። ሩት በዚያ ዓመት 29 ሆምራን መትቶ ነበር፤ ሆምራን የምንለው ያ አጥር የሚሻገረው ምት ነው። በተሸጠ በዓመቱ 54 መታ። ዋጋና ሥራ ተነጻጽረው ገዢው እንዲህ ያተረፈበት ሽያጭ በታሪክ ብዙ አይገኝም። ገንዘቡ ግን የገባው በቡድኑ ባለቤት ኪስ ነው።

ይህ የሆነበት ምክንያት ከ1879 ጀምሮ ሥር የሰደደ አንድ ደንብ ነው። በዚህ ደንብ መሠረት የተጫዋቹ ውል ቢያልቅም ቡድኑ «የእኔ ነው» ብሎ ሊያስቀረው ይችላል። ተጫዋቹ የተሰጠውን ደመወዝ ይቀበላል፤ ካልተቀበለ ሌላ ቦታ ሄዶ መጫወት አይችልም። ባለቤቱ ግን ሊሸጠው፣ ሊለውጠው፣ ሊያሰናብተው ይችላል። ገበያ ነበር፤ ነገር ግን በገበያው ውስጥ ድምፅ ያልነበረው ዕቃው ነው፤ ዕቃውም ሰው ነበር።

ይህን በአደባባይ የተናገረው ከርት ፍለድ ነው። ፍለድ ለ12 ዓመታት በሴንት ሉዊስ የተጫወተ፣ በ1969 የ90 ሺህ ዶላር ደመወዝተኛ የነበረ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። በዚያ ዓመት ኦክቶበር ሳይጠየቅ ለፊላዴልፊያ ተለወጠ። በዲሴምበር 24 ቀን ለቤዝቦሉ ኮሚሽነር በጻፈው ደብዳቤ፣ ፈቃዱ ሳይጠየቅ የሚገዛና የሚሸጥ ንብረት አለመሆኑን አስታወቀ። ክሱ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በጁን 1972 በ5 ለ3 ድምፅ ተሸነፈ። እርሱም የ1970ን የውድድር ዘመን ሳይጫወት አሳለፈ፤ በ1971 ዋሽንግተን ገብቶ 13 ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ ሜዳውን ተሰናበተ።

ፍለድ በፍርድ ቤት ያጣውን ሌሎች በሽምግልና አገኙት። በዲሴምበር 23 ቀን 1975 ፒተር ሳይትዝ የተባለው ገላጋይ ዳኛ አንዲ ሜሰርስሚዝና ዴቭ ማክናሊ የተባሉትን ሁለት ወርዋሪዎች ነጻ ናቸው ሲል ወሰነ። የመቶ ዓመቱ ደንብ ተሰበረ። በ1976 ወደ 51 ሺህ ዶላር ግድም የነበረው የተጫዋች አማካይ ደመወዝ በ1980 ከ143 ሺህ በላይ ደረሰ።

ከዚህ ጋር አንድ ጥናት ላንሣ። በ1974 ጄራልድ ስከሊ የተባለ የኢኮኖሚክስ ሊቅ አንድ ተጫዋች በሥራው ለቡድኑ የሚያስገባውን ገቢ አስልቶ ከደመወዙ ጋር አስተያየው። ጎበዞቹ ተጫዋቾች ይከፈላቸው የነበረው ካስገኙት ገቢ አንድ አምስተኛውን እንኳ አይሞላም ነበር። እንግዲህ «ዋጋና ሥራ አልተገናኙም» የሚለው ወቀሳ ለዘመናት የተጫዋቹ ነበር ማለት ነው። ገበያው ነጻ በወጣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን ወቀሳው ፊቱን አዞረና የተመልካቹ ሆነ፤ «ይህ ሁሉ ብር ተከፍሎት ይህን ብቻ ይሥራ?» መባል ተጀመረ።

ከምግብ ቤት የተነሣው ሊግ

ተመልካቹ ራሱን በባለቤቱ ወንበር ላይ ማስቀመጥ የጀመረው ልክ በዚህ ጊዜ ነው። ሥሩ ግን ቀደም ይላል። በ1960 ዊልያም ጋምሰን የተባለ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ሃርቫርድ ሳለ ከባልደረቦቹ ጋር «የቤዝቦል ሴሚናር» ያለውን ጨዋታ ፈጠረ። ሁሉም 10 ዶላር ያዋጣል፤ ተጫዋቾችን በጨረታ ይካፈላል፤ በዓመቱ መጨረሻ በተመረጡ የቁጥር ዓይነቶች ይወዳደራል። ጋምሰን በኋላ ወደ ሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ፤ ጨዋታውም አብሮት ሄደ። እዚያ ሮበርት ስክላር የተባለ መምህር ገባበት፤ ስክላር ደግሞ ለተማሪው ለዳንኤል ኦክረንት አወራለት።

ኦክረንት ወሬውን ለአሥር ዓመት ያህል ይዞት ቆየ። በ1979 መገባደጃ ወደ ቴክሳስ ሲበርር አውሮፕላን ላይ ሕጉን እንደ ጻፈው ይነገራል። የቴክሳስ ወዳጆቹ ብዙም አልሳባቸውም። ኒው ዮርክ ተመልሶ «ላ ሮቲስሪ ፍራንሴዝ» በተባለ ምግብ ቤት ለሚገናኙ ጓደኞቹ ሲያጫውታቸው ግን ነገሩ ሥር ያዘ። ሊጉም ከምግብ ቤቱ ስም ተውሶ «ሮቲስሪ ሊግ» ተባለ። የመጀመሪያው ሐራጅ በ1980 የጸደይ ወራት ተካሄደ።

ሕጉ የኋላ ኋላ ጸንቶ የታወቀበት መልክ ይህ ነው። እያንዳንዱ ባለቤት 260 ዶላር አለው። በዚህ ገንዘብ 23 ተጫዋቾች፣ ማለት 14 መቺዎችና 9 ወርዋሪዎች መግዛት አለበት። ከ1 ዶላር በታች ጥሪ የለም። ከተገዙ በኋላ መቺዎቹ በአራት ነገር ይመዘናሉ፦ በምታቸው አማካይ፣ በሆምራን፣ መትተው ባስገቡት ነጥብና በሰረቁት ቤዝ። ወርዋሪዎቹም እንዲሁ አራት መመዘኛ አላቸው። በዓመቱ መጨረሻ ላሸነፈው የሚጠብቀው ክብር «ዩ-ሁ» የተባለ የቸኮላት መጠጥ በራሱ ላይ መፍሰሱ ነበር።

የእኛ ሰው ይህን ሲሰማ ዕቁብ ይመስለዋል፤ አልተሳሳተም። ሰብሳቢ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ መተዳደሪያ ደንብ አለው፣ ጓደኝነትን የሚያጸና ገንዘብ አለው፤ አልፎ አልፎ ጓደኝነትን የሚያፈርሰውም ያው ገንዘብ ነው። ልዩነቱ በዕቁብ ዕጣ የሚወጣው በዕድል ሲሆን፣ እዚህ ዕጣ የሚወጣው «እኔ ከአንተ የበለጠ ሰው አውቃለሁ» በሚል ሙግት መሆኑ ነው።

በ1981 በጁን ወር ተጫዋቾቹ ሥራ አቆሙ፤ ጨዋታው የተቀጠለው በኦገስት ነው። የሚዘግቡት ነገር ያጡት የስፖርት ጋዜጠኞች ስለዚህ የወረቀት ሊግ መጻፍ ጀመሩ፤ ወሬውም በአገሩ ተዳረሰ። በ1984 የሊጉ ሰዎች ሕጉን በመጽሐፍ አሳተሙት። ሌሎች በተከተሉት ጊዜ «ፋንታሲ ቤዝቦል» የሚለው ስም ጸና።

የሐራጁ ሒሳብ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አንድ ተጫዋች በዚህ ሐራጅ ስንት ያወጣል? ጥያቄው የስሜት ይመስላል እንጂ ጥርት ያለ ሒሳብ አለው።

12 ባለቤቶች ያሉበትን ሊግ እናስብ። 12 ጊዜ 260 ሲባዛ 3,120 ዶላር ነው። በገበያው ላይ ከዚህ በላይ አንድ ሳንቲም የለም። የሚገዙት ተጫዋቾች 12 ጊዜ 23፣ ማለት 276 ናቸው። እያንዳንዱ ቢያንስ 1 ዶላር ስለሚያወጣ 276 ዶላር ለዚያ ይቀነሳል፤ ቀሪው 2,844 ዶላር ነው። እንግዲህ ሐራጅ ማለት ይህን 2,844 ዶላር በሰዎች ብልጫ ልክ ማከፋፈል ነው።

ብልጫው ግን ከማን? ብልሃቱ ያለው እዚህ ነው። 277ኛውን ተጫዋች አስቡት። ማንም አልገዛውም፤ ስለዚህ በነጻ ይገኛል። የአንድ ተጫዋች እውነተኛ ዋጋ ከዚህ በነጻ ከሚገኘው ሰው በምን ያህል እንደሚበልጥ ነው እንጂ ሥራው በጠቅላላ ምን ያህል እንደሆነ አይደለም። 20 ሆምራን የሚመታ ሰው ትልቅ ይመስላል፤ በነጻ የሚገኘው ሰው 15 የሚመታ ከሆነ ግን የተሸጠልህ አምስቱ ብቻ ነው።

ሌላም አለ። በብዙ ሊጎች አንድ ባለቤት አምና በርካሽ የገዛቸውን ጥቂት ተጫዋቾች በዚያው ዋጋ ማስቀረት ይችላል። እንበልና 12ቱ ባለቤቶች በጠቅላላ የ1,000 ዶላር ሥራ የሚሠሩ ተጫዋቾችን በ600 ዶላር አስቀሩ። ገበያው ላይ የቀረው ገንዘብ 2,520 ዶላር ነው፤ የቀረው ዕቃ ግን የ2,120 ብቻ። ስለዚህ በየ100 ዶላሩ ወደ 19 ዶላር ግድም ጭማሪ ይመጣል። የ30 ዶላር ተጫዋች በ36 ዶላር ይሸጣል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ 36 የከፈለው ሰው ሞኝ አይደለም፤ 30 ብቻ እከፍላለሁ ብሎ የተቀመጠው ነው ገንዘቡን ታቅፎ የሚቀረው። ያልተከፈለ ዶላር ደግሞ ሐራጁ ሲዘጋ ከወረቀት አይሻልም። የኑሮ ውድነት ለሚያውቅ ለእኛ አንባቢ ይህ ሰፊ ማብራሪያ አያሻውም፤ ብሩ በዝቶ ዕቃው ሲያንስ የሚሆነውን እናውቀዋለን።

ዋሽንግተን በኖርኩባቸው ዓመታት የሥራ ባልደረቦቼ አንድ ጊዜ እንዲህ ያለውን ሐራጅ እንድመለከት ጋብዘውኝ ነበር። ከቀትር በፊት ተጀምሮ ሲመሽ አለቀ። ያስተዋልኩት ነገር ቢኖር ሒሳቡን ሁሉም ያውቀዋል፤ ሁሉም በእጁ የዋጋ ዝርዝር ይዟል። ሆኖም ሐራጁ በተጀመረ በአንድ ሰዓት ውስጥ ዝርዝሩ ይረሳል። አንዱ ተጫዋቹ የትውልድ ከተማው ልጅ ስለሆነ ይጨምራል። ሌላው አምና በዚያ ተጫዋች ስለተሸነፈ ዘንድሮ አያልፈውም። ሦስተኛው የሚጨምረው መግዛት ፈልጎ ሳይሆን ጎረቤቱን ለማስከፈል ነው። ወደ ማታ ገንዘቡ ሲያልቅ ደግሞ ደህና ደህና ተጫዋቾች በ1 ዶላርና በ2 ዶላር ያለ ተከራካሪ ይሄዳሉ። ጠዋት ተጠርቶ ቢሆን 8 ዶላር የሚያወጣው ሰው ስሙ ማታ በመጠራቱ ብቻ 2 ዶላር ያወጣል። በሰውዬው ክንድ ላይ የተለወጠ ነገር የለም።

የፎስተር መዝገብ

አሁን ወደ ፎስተር። 36 ዶላር ከአንድ ባለቤት ጠቅላላ ገንዘብ አንድ ሰባተኛ ያህል ነው። ይህ ገንዘብ በ23 ሰው ቢካፈል ለአንዱ የሚደርሰው 11 ዶላር ከጥቂት ሳንቲም ስለሆነ፣ ፎስተር የሦስት ሰው ዋጋ ወስዷል ማለት ነው።

በ1980 ምን ሠራ? 144 ጨዋታ ተጫውቶ 25 ሆምራን መታ፤ 93 ነጥብ አስገባ፤ የምቱ አማካይ 0.273 ነበር። ይህ መጥፎ ሥራ አይደለም። ብዙ ተጫዋች በዕድሜው አንድ ጊዜ እንኳ አይደርስበትም። ነገር ግን በዚያው ዓመት የፊላዴልፊያው ማይክ ሽሚት 48 መትቶ 121 አስገብቷል። የ36 ዶላር ተጫዋች የሚለካው ከእነ ሽሚት ጋር ነው። ፎስተር ደግሞ ቤዝ የሚሰርቅ ፈጣን አልነበረም፤ ስለዚህ ከአራቱ መመዘኛዎች በአንዱ ከመጀመሪያውም ባዶ እጁን ነበር።

ፍርዱ ቀላል ይመስላል፤ አላወጣም። ይሁንና ታሪክ የሚወድ ሰው እዚህ ላይ ቆም ማለት አለበት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። የ1980ን ውጤት ይዞ የ1980ን ገዢ መውቀስ የታሪክ ፍርድ አይደለም። መጠየቅ ያለበት ሐራጁ በተካሄደበት ቀን ምን ይታወቅ ነበር የሚለው ነው።

የሚታወቀው ይህ ነበር። ፎስተር በ1977፣ በ1978 እና በ1979 በተከታታይ 52፣ 40 እና 30 ሆምራን መቷል። ይህን ያየ ሰው «ቁልቁለት ነው፤ ሰውዬውም 31 ዓመት ሞልቶታል፤ አልገዛም» ቢል ትክክል ነው። ነገር ግን ያንኑ መዝገብ ጠጋ ብሎ ያየ ሌላ ሰው ፎስተር በ1979 የተጫወተው 121 ጨዋታ ብቻ እንደሆነ፣ በዚያችው ጊዜ 98 ነጥብ እንዳስገባ፣ አማካዩም 0.302 እንደነበረ ያገኛል። 30 ሆምራን በ121 ጨዋታ ማለት ሙሉ ዓመት ቢጫወት 40 ግድም ነው። ይህ ሰው «ጉልበቱ አልወረደም፤ የጎደለው ቀን ነው» ብሎ 36 ዶላር ቢጠራ እርሱም ምክንያት አለው። አንድ መዝገብ፣ ሁለት ንባብ። ያሸነፈው ንባብ የመጀመሪያው ነው። ስላሸነፈ ግን የተሻለ ንባብ ነበር ማለት አይደለም።

በዚህ ላይ የኮከብ ዋጋ የተሸከመው ወጥመድ አለ። በ36 ዶላር የተገዛ ሰው የ36 ዶላር ሥራ ቢሠራ ባለቤቱ ምንም አላተረፈም፤ ዕዳውን ዘጋ እንጂ። በ1 ዶላር የተገዛ ሰው ግን የ12 ዶላር ሥራ ቢሠራ 11 ዶላር ትርፍ ነው። ስለዚህ ሊግ የሚሸነፍበት እንጂ የሚታሸነፍበት ቦታ ከኮከቦቹ ዘንድ አይደለም። ኮከብ የሚያስደንቀው ሲወድቅ ብቻ ነው።

ያሸናፊው እርግማን

ከቤዝቦል ጋር ምንም የማይገናኙ ሦስት የነዳጅ መሐንዲሶች፣ ኬፕን፣ ክላፕና ካምቤል፣ በ1971 አንድ ጽሑፍ አወጡ። ኩባንያዎች ነዳጅ ይገኝበታል የተባለ መሬት በጨረታ ሲገዙ ለምን እንደሚከስሩ ነው የመረመሩት። ምክንያታቸው እንዲህ ነው። መሬቱ ውስጥ ያለውን ነዳጅ ማንም በትክክል አያውቅም፤ ሁሉም ይገምታል። አንዳንዱ አሳንሶ፣ አንዳንዱ አብዝቶ ይገምታል፤ አማካዩ ምናልባት ለእውነቱ ይቀርብ ይሆናል። ጨረታውን የሚያሸንፈው ግን አማካዩ አይደለም፤ ከሁሉ አብዝቶ የገመተው ነው። ስለዚህ ማሸነፉ ራሱ አብዝቶ ለመገመቱ ምስክር ነው። ይህ «ያሸናፊው እርግማን» የሚል ስም ወጣለት። በ1980 ካሲንግና ዳግላስ የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚክስ ሰዎች ይኸው እርግማን በነጻ በወጡት የቤዝቦል ተጫዋቾች ገበያም እንዳለ አሳዩ፤ ቡድኖቹ ከሥራው በላይ ይከፍሉ ነበር።

ያ የወረቀት ሐራጅ በተካሄደ በሁለት ዓመቱ፣ በ1982 መጀመሪያ፣ እውነተኛው የኒው ዮርክ ሜትስ ቡድን ፎስተርን ከሲንሲናቲ ወስዶ የአምስት ዓመት ውል ፈረመለት። ክፍያው በጠቅላላ ወደ 10 ሚሊዮን ዶላር ግድም ነበር። በመጀመሪያው ዓመት 13 ሆምራን መታ፤ አማካዩ 0.247 ሆነ። በ1983 ወደ 28 ከፍ ቢልም የድሮው ፎስተር አልተመለሰም። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ የኒው ዮርክ ተመልካች ሜዳ በወጣ ቁጥር ይጮኽበት ጀመር። በኦገስት 1986 ቡድኑ አሰናበተው፤ በኦክቶበር ያው ቡድን የአገሩን ዋንጫ ወሰደ።

ከምግብ ቤቱ የመጡት ጓደኛሞች የሳቱት 36 ዶላር ነው። ባለሙያ አማካሪዎችና ሰላዮች የነበሩት ቡድን ደግሞ ያንኑ ሰው በሚሊዮን ሳተ። የወረቀቱ ሐራጅ የእውነተኛው መቀለጃ ይመስል ነበር፤ በእኔ አስተያየት ግን አነስ ያለ መስታወቱ ነው።

ገበያው ሲማር

ታዲያ ዋጋና ሥራ የሚገናኙበት ቀን የለም? አለ፤ ግን አይቆይም።

በካንሳስ ክፍለ ግዛት የቦሎቄ ቆርቆሮ በሚያሽግ ፋብሪካ የሌሊት ጥበቃ የነበረው ቢል ጄምስ በ1977 የቤዝቦል ቁጥሮችን እንደገና የመረመረበትን ትንሽ መጽሐፍ በራሱ አሳተመ። ገዢው 75 ሰው ያህል ብቻ ነበር። ከነዚህ አንባቢዎች አንዱ ኦክረንት ሲሆን፣ በ1981 «ስፖርትስ ኢላስትሬትድ» ላይ ስለ ጄምስ ጽፎ ለአገር አስተዋወቀው። ጄምስ ካነሣቸው ነገሮች አንዱ ሁሉም የሚያመልከው የምት አማካይ ብዙ ነገር እንደሚደብቅ ነበር፤ ትዕግሥት ኖሮት ሳይመታም ቤዝ የሚደርስ ሰው ከሚታሰበው በላይ ይጠቅማል።

ይህን ሐሳብ ገንዘብ አድርገው የተጠቀሙበት በኦክላንድ ነው። በ2002 የኦክላንድ ቡድን ለተጫዋቾቹ የከፈለው ወደ 40 ሚሊዮን ዶላር ግድም ሲሆን፣ ያንኪስ ከ120 ሚሊዮን በላይ ከፍሏል። ሁለቱም እኩል 103 ጨዋታ አሸነፉ፤ ሁለቱም በማጣሪያው የመጀመሪያ ዙር ወደቁ። ማይክል ሉዊስ በ2003 ይህን በመጽሐፍ አወጣው። ሄክስና ሳወር የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 ባወጡት ጥናት እንዳመለከቱት፣ ቤዝ የመድረስ ችሎታ በርካሽ ይሸጥ የነበረው እስከዚያ ጊዜ ነው፤ በ2004 ዋጋው ሥራውን ደረሰበት። ምስጢሩ ሲታወቅ ርካሹ ተወደደ። እውቀት ትርፍ የሚያስገኘው ሌላው እስኪያውቀው ድረስ ብቻ ነው። በወረቀቱ ሐራጅም እንዲሁ ሆነ። የዋጋ መጽሐፍ የሚያሳትሙ ሰዎች ተነሡ፤ ሁሉም ተጫራች ያንኑ ዝርዝር ይዞ ሲመጣ ዝርዝሩ ማንንም አልጠቀመም። ጨዋታውን የፈጠረው ኦክረንት እንኳ የራሱን ሊግ አንድም ጊዜ አላሸነፈም።

የቁጥሩ ባለቤት

የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ይቀራል። ፍለድ «ንብረት አይደለሁም» ብሎ ዕንጀራውን ካጣ አሥር ዓመት ሳይሞላው፣ ሥራቸው መጻፍና ማንበብ የሆነ ሰዎች ተጫዋቾችን በሐራጅ መግዛት፣ «ባለቤት» መባል፣ መሸጥና መለወጥ ለመዝናኛቸው መረጡ። ክፋት አልነበረበትም። ይሁን እንጂ የተመረጠው ቃል ይናገራል። ተጫዋቹ ከባለቤቱ እጅ ሲያመልጥ ተመልካቹ በወረቀት ያዘው።

ጉዳዩ ፍርድ ቤትም ደርሷል። የቤዝቦሉ ማኅበር የተጫዋቾችን ስምና ቁጥር በመጠቀም ጨዋታውን የሚነግዱ ኩባንያዎች ሊከፍሉኝ ይገባል ብሎ ተከራከረ። በ2007 የይግባኝ ፍርድ ቤት የተጫዋቹ ስምና የሥራው መዝገብ የሕዝብ ዕውቀት ነው ብሎ ወሰነ፤ በ2008 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አላይም በማለቱ ውሳኔው ጸና። ሰውዬው የማንም አይደለም፤ ቁጥሩ ግን የሁላችንም ነው።

ይህ ነገር ዛሬ ከአዲስ አበባ ሩቅ አይደለም። በ2002 የተጀመረው የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ፋንታሲ ከተማችን ውስጥ ስንት ወጣት ቅዳሜ ጠዋት እንደሚያስጨንቅ ሁላችንም እናያለን። 100 ሚሊዮን ፓውንድ ለ15 ተጫዋች ተሰጥቶት፣ በካፌው ጠረጴዛ ላይ «ይህ ሰው ዋጋውን አያወጣም» እያለ የሚከራከረው ልጅ የእነ ኦክረንት የመንፈስ ልጅ ነው። ልዩነቱ እዚያ ዋጋውን አዘጋጆቹ ራሳቸው የሚተምኑት መሆኑ ነው። ሐራጅ የለበትም፤ ስለዚህ «አንተ ነህ ያስወደድከው» የሚባል ጓደኛ የለም። በእኔ ግምት ጨዋታው ያጣው ትልቁ ትምህርት ይኸው ነው። በሐራጅ ዋጋ ከሰማይ አይወርድም። ከጎንህ የተቀመጠው ሰው ተስፋ፣ ቂምና ፍቅር ተደምረው የሚያወጡት ቁጥር ነው።

እንግዲህ ለርዕሱ ጥያቄ የእኔ መልስ ይህ ነው። ጆርጅ ፎስተር በ1980 ጸደይ 36 ዶላር ያወጣ ነበር፤ ምክንያቱም አንድ ሰው 36 ብሎ ሲጠራ ሌላው 35 ላይ ቆሟል። በዚያው ዓመት መገባደጃ ደግሞ አላወጣም። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ የተለያየ ነገር ነውና የሚለኩት። የጸደዩ ዋጋ የገዢዎቹን ተስፋ ይለካል፤ የመኸሩ መዝገብ የተጫዋቹን ሥራ። በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት በተጫዋቹ ስም የምንመዘግበው ለእኛ ስለሚቀልለን ነው። ፎስተር በዚያ ዓመት 144 ጊዜ ሜዳ ወጥቶ 25 ጊዜ ኳሷን ከአጥር አሻገረ። ከማንም 36 ዶላር አልተበደረም።